ስለ መንጃ ፈቃድ ፈተናና ስለ ዐዋቂ ሰው ፍርሃት

በጋዜጣ ላይ የሚጻፈው ሁሉ ስለ ታላላቅ ጉባኤያትና ስለ መንግሥታት ጠብ ብቻ መሆን አለበት ብሎ የወሰነ የለም። በሰው ኑሮ ውስጥ ሲያዩዋቸው ትናንሽ የሚመስሉ፣ ነገር ግን ብዙ ሰው በልቡ ደብቆ የሚጨነቅባቸው ነገሮች አሉና፣ እነርሱም አንዳንድ ጊዜ ወደ አደባባይ ወጥተው ሊነገርባቸው ይገባል። ዛሬ ላነሣው ያሰብሁት ጉዳይ ከነዚሁ አንዱ ነው፤ ይኸውም ዕድሜው ከገፋ በኋላ መኪና መንዳት የተማረ ሰው፣ የመንጃ ፈቃድ ለማግኘት ለፈተና በሚቀርብበት ቀን ስለሚይዘው ፍርሃት ነው።

አንባቢ ምናልባት ይስቅ ይሆናል። መሳቁም አያስቀይመኝም። ነገር ግን እስቲ ያስበው፤ ቤተ ሰብ የሚያስተዳድር፣ በመሥሪያ ቤቱ ሃያና ሠላሳ ሰው የሚያዝ፣ በዕድር ስብሰባ ላይ ተነሥቶ ሲናገር ሰው ሁሉ ጸጥ ብሎ የሚያደምጠው ሰው፣ አንድ ወጣት ፈታኝ መዝገብ ይዞ በአጠገቡ ሲቀመጥ ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል፤ ላብ ያሰጥመዋል፤ ትናንት ያለ ስሕተት ይሠራው የነበረውን ሥራ ዛሬ ፈጽሞ እንደማያውቀው ይሆናል። ይህ ለምን ይሆናል? ምንስ ቢደረግ ይሻላል? እኔ ነገሩን ከሩቅ ሆኜ የማወራው አይደለም፤ በራሴ ላይ ደርሶ ያየሁት ስለ ሆነ ኀፍረቱን ወደ ጎን ትቼ እናገራለሁ።

መኪና መንዳት መማር የጀመርሁት በ46 ዓመቴ ነው። እስከዚያ ድረስ ያልተማርሁበትን ምክንያት ብጠየቅ፣ ገንዘብ አልነበረኝም ብዬ እመልስ ነበር፤ ይህም ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ግን ከወጣቶች ጋራ ተሰልፌ፣ «ፍሪሲዮን ይርገጡ፣ ማርሽ ያስገቡ» እየተባልሁ መማርን ስለ ፈራሁ ነው። የኋላ ኋላ እናቴ በሌሊት ታመሙ፤ ወደ ሐኪም ቤት የሚያደርሳቸው ሰው ፍለጋ በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ ወዲያና ወዲህ ስል ነጋ። እናቴ ዳኑ፤ እኔ ግን ከዚያ ሌሊት ወዲያ ምክንያት ማብዛቱን ተውሁ።

የጽሑፉን ፈተና ያለ ችግር አለፍሁ። ሕግና ምልክት ማጥናት እንደ እኔ በወረቀት መካከል ለኖረ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። የተግባሩ ቀን ግን ሌላ ነበር። ከባለቤቴ በቀር ለማንም አልነገርሁም፤ ልጆቼ እንኳ አያውቁም ነበር፤ በመሥሪያ ቤቴም «አንድ ጉዳይ አለኝ» ብዬ ፈቃድ ጠየቅሁ። ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ጧት ተነሥቼ ምግብ አልወርድ ስላለኝ በባዶ ሆዴ ቡናውን አቦልም፣ ቶናም፣ በረካም ሳላስቀር ጠጣሁ። ይህ ምን ያኽል ስሕተት እንደ ነበረ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከፈተናው ሥፍራ ስደርስ ከእኔ በፊት ብዙ ሰዎች ተሰልፈዋል። የሚበዙት የልጆቼ እኩዮች ናቸው። እርስ በርሳቸው ይቀላለዳሉ፤ አንዱ ወድቆ ሲመለስ ጓደኞቹ አጨብጭበው ይቀበሉታል፤ እርሱም አብሯቸው ይስቃል። እኔ ግን የማውቀው ሰው እንዳያየኝ ባርኔጣዬን ዝቅ አድርጌ ጥግ ይዤ ቆምሁ። ከሁለት ሰዓት በላይ ጠበቅሁ። ተራዬ ደርሶ በመሪው ፊት ስቀመጥ ፈታኙ፣ «ጋሼ፣ ሲዘጋጁ መነሣት ይችላሉ» አለኝ። ሰውየው አንድም ክፉ ቃል እንዳልተናገረኝ አንባቢ እንዲያውቅልኝ እወዳለሁ።

በዳገት ላይ ቆሞ ወደ ኋላ ሳይንሸራተቱ መነሣት ከሚባለው ላይ ስደርስ፣ ግራ እግሬ በፍሪሲዮኑ ላይ እንደ ልብስ ስፌት መኪና መርፌ ይወርድና ይወጣ ጀመር። በእጄ ልይዘው ቃጣኝ። ፍሪሲዮኑን ቶሎ ለቀቅሁት፤ ሞተሩ ጠፋ። አስነሣሁት፤ ደግሞ ጠፋ። በሦስተኛው የእጅ ፍሬኑን መያዝ ረሳሁና መኪናው ወደ ኋላ ተንሸራተተ። ፈታኙ «ይበቃል፣ ጋሼ» አለኝ። ከመኪናው ስወርድ ስንት ሰው እንዳየኝ ለመቁጠር ዓይኔን ወዲያና ወዲህ ወረወርሁ። እውነቱን ለመናገር ማንም አላየኝም ነበር፤ ሁሉም የየራሱን ተራ ይጠብቃል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልናገር። ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ፍሬን፣ ፍሬቻ፣ ስፖኪዮ የምንላቸው ቃላት ሁሉ ከጣልያንኛ የተወሰዱ ናቸው። ከምጽዋ ጠረፍ ወደ አሥመራ የሚወጣውን መንገድ የሚያውቅ ሰው፣ በ115 ኪሎ ሜትር ያኽል ርቀት ውስጥ ከባሕር ወለል ተነሥቶ ከ2300 ሜትር በላይ ሲወጣ፣ በጠመዝማዛው ላይ አንድ ጊዜ ማርሽ የሳተ ነጂ ምን እንደሚደርስበት አይጠፋውም። አዲስ አበባም ቢሆን ከዚህ የተሻለ ሜዳ አይደለም፤ በቸርቸል ጎዳና በመኪና የወጣ ሰው ይመስክር። እንግዲህ የዳገቱ ፈተና ሰውን ለማስጨነቅ የተፈጠረ ነገር አይደለም። አገራችን ራስዋ ዳገት ናት። በወደቅሁበት ቀን ግን ይህን ሁሉ ማሰብ አልቻልሁም፤ ፈተናው በእኔ ላይ ብቻ የታሰበ ክፋት መስሎ ታይቶኝ ነበር።

ስለ ፍርሃት ጠባይ ሊቃውንት ብዙ ጽፈዋል፤ እኔ ለጉዳያችን የሚበቃውን ያኽል ብቻ አነሣለሁ። አሜሪካዊው የሰውነት ጠባይ ተመራማሪ ዎልተር ካነን እ.ኤ.አ. በ1915 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሰውነት አደጋ የመጣበት ሲመስለው እንዴት እንደሚሰናዳ ገልጿል። ከኩላሊት በላይ ካሉት ዕጢዎች አድሬናሊን የሚባለው ነገር ወደ ደም ይገባል፤ ልብ ይፈጥናል፤ ትንፋሽ ይበዛል፤ ደም ከሆድ ዕቃ ወደ ጡንቻዎች ይሄዳል። ነብር ለመጣበት ሰው ይህ መልካም ስንቅ ነው፤ ወይ ይታገልበታል፣ ወይ ይሮጥበታል። በመኪና ውስጥ የተቀመጠው ተፈታኝ ግን የሚታገለው ነብርም፣ የሚሮጥበት ሜዳም የለውም፤ ለሩጫ የተዘጋጀው እግሩ በፍሪሲዮኑ ላይ ቆሞ ሥራ አጥቶ ይንቀጠቀጣል። ይህን ካወቅሁ ወዲህ እግሬን መርገም ተውሁ።

ደግሞም እ.ኤ.አ. በ1908 ሮበርት የርክስና ጆን ዶድሰን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በአይጦች ላይ ባደረጉት ምርመራ፣ መጠነኛ መነቃቃት ትምህርትን እንደሚረዳ፣ ከልክ ሲያልፍ ግን፣ ይልቁንም ሥራው አስቸጋሪ በሆነ ጊዜ፣ እንደሚያበላሸው አሳይተዋል። ወጥ ያለ ጨው አይጥምም፤ ጨው የበዛበትም ወጥ አይበላም። ስለዚህ «ምንም አትፍራ» ብሎ የሚመክር ወዳጅ መልካም ምክር አልሰጠም። ጥቂት መፍራት ያስፈልጋል፤ ዓይንን ይከፍታል፤ ስፖኪዮ ያሳያል።

ታዲያ ይህ ሁሉ በወጣቱም ላይ የሚደርስ ከሆነ፣ ዐዋቂውን ለብቻው ለምን አነሣሁት? የእኔ አሳብ ይህ ነው፤ ዐዋቂው ሰው የሚፈራው መኪናውን አይደለም፤ በሰው ፊት አላዋቂ ሆኖ መታየትን ነው። ወጣቱ ገና ከትምህርት ቤት መውጣቱ ነው፤ በየወሩ ሲፈተን፣ ሲወድቅ፣ ሲነሣ ኖሯል። ዐዋቂው ግን ከተፈተነ ሃያና ሠላሳ ዓመት አልፎታል። በቤቱም በመሥሪያ ቤቱም ሲሳሳት ደፍሮ የሚያርመው የለም፤ ቢኖርም በጓሮ በር ነው። ይህ ክብር በልቡ ላይ እንደ ካባ ተደርቦ ሰንብቷልና፣ ለአንድ ቀን አውልቆ መቆሙ ብርድ ይሆንበታል። በእኛ ዘንድ ደግሞ ይሉኝታ የሚባል ነገር አለ። «ምን ይሉኝ» የሚለው አሳብ ብዙ መልካም ሥራ ያሠራናል፤ ከብዙ መጥፎ ነገርም ይከለክለናል፤ ነገር ግን መማር ለሚፈልግ ጎልማሳ እግር ብረት ነው።

ሌላም ነገር አለ። ወጣቱ መኪና ምን እንደሚያደርግ በወሬ ይሰማል፤ ዐዋቂው ግን ቀብር ቆሟል። በመንገድ ላይ ያለቁ ሰዎችን ልቅሶ ደርሷል። የዚህ ዓይነቱን ፍርሃት የሚነቅፍ ካለ ተሳስቷል፤ እኔ ይህን ፍርሃት አከብረዋለሁ። ሁለቱን ፍርሃቶች ለይቶ ማወቅ ግን ያስፈልጋል፤ አንደኛው ሰው እንዳይሞት የሚፈራ ነው፤ ሁለተኛው ስም እንዳይጎድፍ የሚፈራ ነው። በፈተና ቀን እግር የሚያንቀጠቅጠው በአብዛኛው ሁለተኛው ነው።

ይህም ሁለተኛው ፍርሃት ምሥጢር ሲያገኝ ይወፍራል። እኔ ለልጆቼ ያልነገርሁት ብወድቅ እንዳያውቁብኝ ነው። ነገር ግን በምሥጢሩ ምክንያት ፈተናው ከመንዳት ፈተናነት አልፎ የተደበቀ ነገር የሚገለጥበት ፍርድ ቤት መስሎ ታየኝ። የፈሩት ይደርሳል እንደሚባለው ደረሰ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ፤ ብዕር ያስነሣኝም ይህ ነው። በዚያ በወደቅሁበት ቀን ወደ ታክሲ ስሄድ አንድ ሰው ከኋላዬ ደርሶ በለሰለሰ ቃል፣ «ጋሼ፣ ምን ያደክምዎታል? እኛ እንጨርስልዎታለን» አለኝ። ዋጋውንም ነገረኝ። አልዋሽም፣ ለጥቂት ደቂቃ አሰብሁበት። ያሰብሁበትም ገንዘቡ ቀላል ስለ ሆነ አልነበረም፤ ዳግመኛ በዚያ ሰልፍ ላይ መቆምን፣ ዳግመኛ «ይበቃል፣ ጋሼ» መባልን ስለሚያስቀርልኝ ነው። ደላላው የሰውን ኪስ ከማወቁ በፊት የሰውን ኀፍረት ያውቃል። እምቢ ያልሁትም በጀግንነት አይደለም፤ እናቴን በዚያ በተገዛ ወረቀት ጭኜ በሌሊት ዳገት ስወጣ ስለ ታየኝ ነው።

ስንት ሰው እንዲህ ተሸንፎ ይሆን? ቁጥሩን የሚያውቅ ካለ ደላላው ነው። ነገር ግን ውጤቱን ለመገመት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ፍርሃቱ በገንዘብ አልተገዛም፤ ወረቀቱ ብቻ ነው የተገዛው። ፍርሃቱን ይዞ ወደ ጎዳና ይወጣል፤ በመጀመሪያውም ዳገት ላይ ጭነት የሞላ መኪና ከኋላው ክላክስ ሲነፋበት ያው እግር ይንቀጠቀጣል፤ በዚያን ጊዜ ግን በአጠገቡ «ይበቃል» የሚለው ፈታኝ አይኖርም። በ2010 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1074 ይህን ወረቀት «የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ» ይለዋል። ብቃት ያልተረጋገጠበት የብቃት ማረጋገጫ ምን ይባላል? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መግለጫ፣ በ2021 ብቻ በዓለም ላይ 1.19 ሚሊዮን ያኽል ሰዎች በመንገድ አደጋ መሞታቸውን ጽፏል፤ ከ5 እስከ 29 ዓመት ላሉት ልጆችና ወጣቶች ከሁሉ የሚበልጠው የሞት ምክንያትም ይኸው ነው። እንግዲህ የአንድ ጎልማሳ ኀፍረት የግል ጉዳይ ሆኖ አይቀርም፤ በማያውቀው ሰው ልጅ ላይ ሊወርድ ይችላል።

ምን ይደረግ? በመጀመሪያ ሰው ራሱን ሳይዋሽ ይመዝን። እኔ ከወደቅሁ በኋላ ለሁሉም የተናገርሁት «አውቀው ነበር፤ ፍርሃት ነው የጣለኝ» የሚል ነበር። አስተማሪዬ፣ ዕድሜው ከእኔ ያነሰ ነገር ግን ትዕግሥቱ የሚበልጥ ሰው፣ «እስቲ ጋሼ፣ እንቁጠረው» አለኝና ያለ ምንም ፈታኝ በዳገቱ ላይ አሥር ጊዜ እንድነሣ አደረገኝ። ስድስቱን ተነሣሁ፤ አራቱን አጠፋሁ። ለካ ፍርሃት ነው ያልሁት ግማሹ ልምምድ ማጣት ኖሯል! ይህ ቁጥር አሳፈረኝ፤ ነገር ግን ደስም አሰኘኝ፤ ፍርሃት ምን እንደሚደረግበት አላውቅም ነበር፤ ልምምድ ማጣት ግን መድኃኒቱ ይታወቃል። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ያኽል ሌላውን ሁሉ ትቼ በዳገት ላይ ብቻ ሰነበትሁ። እግር የሚማረው በመደጋገም ነው፤ አእምሮ ሲታወክ እግር ብቻውን የሚሠራውን ያኽል ካልለመደ በፈተና ቀን አይገኝም።

ሁለተኛው ነገር መታየትን መለማመድ ነው፤ ይህን ብዙ አስተማሪዎች አያስቡበትም። ከአስተማሪ ጋራ ብቻ የተማረ ሰው የአስተማሪውን ፊት ለምዷል፤ እንግዳ ፊት በአጠገቡ ሲቀመጥ መኪናው ራሱ የተለወጠ ይመስለዋል። እኔ ፈርቼ ፈርቼ ለልጆቼ ነገርኋቸው። ሴት ልጄ ከት ብላ ሳቀች፤ የፈራሁት ሳቅ ይህ ነበር፤ ከሳቅዋም በኋላ ምንም አልሆንሁም። እርስዋም በአስተማሪው ፈቃድ ወረቀት ይዛ በኋላ ወንበር ተቀምጣ ስሕተቴን ትጽፍ ጀመር። ቀጥሎ አንድ ጎረቤቴን ለመንሁ። ከዚያም፣ ይህን ለማድረግ ድፍረት ጠየቀኝ፣ የባለቤቴን ወንድም ጋበዝሁት፤ እርሱ በሚያውቀውም በማያውቀውም ነገር አስተያየት ሳይሰጥ የማይውል ሰው ነው። በእርሱ ፊት ሳላጠፋ ዳገቱን የተነሣሁ ዕለት፣ ከማንም ፈታኝ ፊት እንደምቀመጥ አወቅሁ።

ሌሎቹ ትናንሽ ናቸው፤ ግን አይናቁም። ቡናውን ላንሣ። በቡና አገር ቡናን መውቀስ አልወድም፤ ነገር ግን በውስጡ ያለው ካፌን ልብን ያፈጥናል፤ እጅንና እግርንም ያንቀጠቅጣል። አስቀድሞ በፈራ ሰው ላይ፣ ያውም በባዶ ሆድ፣ ሦስት ስኒ ሲጨመርበት በእሳት ላይ ጭድ መጨመር ነው። ምግብ በልቶ አንድ ስኒ ይበቃል። አንድ መለኪያ አረቄ ቀምሶ ልብን ማደፋፈር የሚሉ አሉ፤ ይህን የሚያደርግ ሰው ፈተና ላይ ሳይሆን ወንጀል ላይ ነው የሚቀርበው። ከጓደኛ ተቀብለው ክኒን የሚውጡም አሉ፤ መድኃኒት ከሐኪም እንጂ ከጓደኛ ኪስ አይታዘዝም፤ የሚያደነዝዝ ክኒን የዋጠ ሰውም መሪ ሊይዝ አይገባውም። ትንፋሽ ግን በነፃ ነው። ወደ ውስጥ ከሚስቡት ይልቅ ወደ ውጭ የሚያወጡትን ትንፋሽ ማስረዘም የልብን ሩጫ ያበርዳል፤ አምስት ስድስት ጊዜ ቢደረግ ይታወቃል።

ስለ መጻፍም አንድ ነገር ልጨምር። ጄራርዶ ራሚሬዝና ሲያን ቤይሎክ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ባወጡት ጥናት፣ ከፈተና በፊት አሥር ደቂቃ ያኽል ጭንቀታቸውን በወረቀት ላይ የጻፉ ተማሪዎች የተሻለ ውጤት ማግኘታቸውን ገልጸዋል። ጥናቱ በትምህርት ፈተና ላይ የተደረገ ነውና ለመኪናም ለሁሉም ሰው ይሠራል አልልም። እኔ ሞከርሁት። ስጀምር ስለ ዳገትና ስለ ፍሪሲዮን የምጽፍ መስሎኝ ነበር፤ ከሁለተኛው መሥመር በኋላ ግን ብዕሬ የጻፈው ስለ መሥሪያ ቤቴ ሰዎችና ስለ ባርኔጣዬ ነው። ወረቀቱን ሳነበው ትንሽ ሳቅሁ፤ ቀድጄም ጣልሁት።

አንዳንድ ወዳጆቼ ደግሞ፣ «ይህ ሁሉ ድካም ስለ ምን? ከእንግዲህ ፍሪሲዮን የሚባል ነገር ይቀራል» ይሉኛል። እውነት ነው፣ በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ እየበዛ መጥቷል፤ እርሱም ፍሪሲዮን የለውም። ነገር ግን ፍርሃቱ የሚኖረው በፍሪሲዮን ውስጥ አይደለምና ከፍሪሲዮን ጋራ አይቀርም። ወደ ኋላ እየነዱ በሁለት ምልክቶች መካከል መኪና ማቆምን የሚያቀልል ኤሌክትሪክ እስካሁን አላየሁም።

በዕድሜ ለገፉት ፈታኞች ይዘኑላቸው የሚሉም አሉ። ይህን አልቀበልም። ዳገቱ ለሽማግሌ አያዝንም። በብሪታንያ የመንዳት ፈተና ግዴታ የሆነው እ.ኤ.አ. በሰኔ 1935 ነው፤ በቅርብ ዓመታትም ከሚሰጡት ፈተናዎች ከግማሽ የሚበልጡት ተፈታኙ ወድቆ የሚመለስባቸው ናቸው፤ በዚህም ምክንያት ፈተናው ይቅለል ያለ አልሰማሁም። እንግዲህ መውደቅ የተለመደ ነገር ነው እንጂ በእኔና በእርስዎ የተጀመረ አይደለም። ከፈታኞች የምለምነው ሌላ ነገር ነው፤ ምን እንደሚፈተንና የትኛው ስሕተት እንደሚጥል ከመነሻው በሁለት ቃል ይንገሩ። አንድ ጊዜ ሞተር የጠፋበት ሰው ነገሩ ያበቃለት እየመሰለው የቀረውን ሁሉ ያበላሻል። ሰልፉም እኩሌታ ቀን የሚያቆም ባይሆን መልካም ነበር፤ ሰው ከፈተናው ይልቅ በመጠበቅ ያልቃል።

ዕድሜ አልፎኛል ለሚል ሰው ደግሞ አንድ ታሪክ አለኝ። በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤዴ ቤንትሌይ መኪና ይዞ አዲስ አበባ ሲገባ ዐፄ ምኒልክ ዕድሜያቸው ከ60 አልፎ ነበር፤ አዲሱን ነገር ከመመርመር ግን ዕድሜያቸው አላገዳቸውም። በደቡብ ኮሪያም አንዲት አሮጊት ሴት ከ950 ጊዜ በላይ ተፈትነው እ.ኤ.አ. በ2010 መንጃ ፈቃድ መያዛቸው በዓለም ጋዜጦች ሁሉ ተጽፏል። እኔ በበኩሌ በእርሳቸው ትዕግሥት እጅግ ብደነቅም፣ በመንገድ ላይ ስንገናኝ ጥቂት ራቅ ብዬ እነዳለሁ።

በሁለተኛው ፈተናዬ ቀን እግሬ አልተንቀጠቀጠም ብል ውሸት ነው። ተንቀጠቀጠ፤ ግን ጥቂት ነበር። በዳገቱም ላይ አንድ ጊዜ ሞተሩ ጠፋ። የእጅ ፍሬኑን ያዝሁ፤ ማርሹን ባዶ አደረግሁ፤ አንድ ረጅም ትንፋሽ አወጣሁ፤ አስነሣሁና ሄድሁ። አለፍሁም። ዛሬ እናቴ በኋላ ወንበር ተቀምጠው «ልጄ፣ ቀስ በል» ሲሉኝ፣ ከማንኛውም ፈታኝ ይልቅ እርሳቸውን እፈራለሁ።

ይህን የምጽፈው ግን ስለ እኔ ብቻ አይደለም። በመሥሪያ ቤታችን አንዲት የሥራ ባልደረባዬ አሉ፤ ዕድሜያቸው ከ50 አልፏል። ሁለት ጊዜ ወድቀው ወረቀታቸውን በመሳቢያ ውስጥ ከተው ትተውት ነበር። በሴት ነጂ ላይ ደግሞ ከኀፍረቱ ሌላ የጎዳናው ዘለፋ ይጨመርባታል፤ በእኔ ላይ አንድ ጊዜ የሚነፋው ክላክስ በእርሳቸው ላይ ሦስት ጊዜ ይነፋል፤ በመስኮትም የሚወረወረው ቃል ለጋዜጣ አይበቃም። ለእርሳቸውም ደላላ ቀርቧቸዋል፤ አልሰሙትም። እኔ በምሳ ሰዓት ስለ ግራ እግሬ ሳወራ ሰምተው መሳቢያውን ከፈቱ። ሦስተኛው ፈተናቸው በሚመጣው ሐሙስ ነው። እሑድ በአስተማሪያቸው መኪና በኋላ ወንበር ተቀምጬ፣ መዝገብ ይዤ፣ የተቻለኝን ያኽል ፊቴን አክብጄ እንድፈትናቸው ለምነውኛል። ቡና እንደማያፈሉም አስቀድመው ነግረውኛል፤ እኔም ዳቦውን ይዤ እመጣለሁ ብያለሁ።